ሰው ሲቀንስ ጭስ ይቀንሳል?

ብዙ ሰው የሚኖርበት ከተማ ብዙ ጭስ ያወጣል። መኪናው ብዙ ነው፤ ፋብሪካው ብዙ ነው፤ ምድጃውም ብዙ ነው። ታዲያ የከተማው ሰው ሲቀንስ ጭሱ በዚያው ልክ ይቀንሳል? ብዙዎቻችን «አዎን» እንል ይሆናል። ነገሩን ግን ቀረብ ብለን እንመልከተው።

እንጨት፣ ድንጋይ ከሰል፣ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ሲነዱ ዓይን የሚያየው ጭስ ይወጣል። ከዚሁ ጋር ዓይን የማያየው፣ ሽታም የሌለው አየር ይወጣል። ስሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ይህ አየር ሲበዛ ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። ከፀሐይ ያገኘችው ሙቀት እንደ ልብ አይወጣም። ስለዚህ ምድር ትሞቃለች፤ በብዙ አገር ዝናቡ ከለመደው ጊዜ ይዛባል። ከየትም ከተማ ቢወጣ አየሩ አንድ ነውና፣ ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ ሰው ሁሉ ነገሩ ያገባዋል።

አሁን ወደ ጃፓን አገር እንሂድ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሆካይዶ በሚባል ደሴት ላይ ዩባሪ የምትባል ከተማ አለች። በብርዱ ወራት በረዶ ይከመርባታል። ያደገችው ድንጋይ ከሰል በመቆፈር ነው። በ1960 ወደ 117,000 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። በኋላ የነዳጅ ዘይት ገበያ ደራ፤ የውጭ አገር ከሰልም ረከሰ። ጉድጓዶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በ1981 በአንዱ ጉድጓድ በደረሰ አደጋ 93 ሰዎች ሞቱ። በ1990 የመጨረሻው ትልቅ ጉድጓድ ተዘጋ። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወጣ፤ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቀሩ። በ2007 ከተማዋ ዕዳዋን መክፈል እንዳቃታት ታወጀ። በ2020 ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ ከ7,500 ያነሰ ነበር።

ሰው ሄደ፤ መንገዱ ግን አልሄደም። አሥር ቤት ላለበትም ሁለት ቤት ለቀረበትም መንገድ በረዶ ጠራጊው መኪና ያው ነዳጅ ያነዳል። የውሃው ቧንቧም ርዝመቱ ያው ነው። ጎረቤቱ ባዶ የሆነ ቤት ግድግዳው ይበርዳል፤ ለማሞቅ ብዙ ነጭ ጋዝ ይፈጃል። ሱቁ ሲዘጋ ሰው ራቅ ወዳለ ሱቅ በመኪና ይሄዳል።

ይህን ስናስረዳ አንዲት እናት ተማሪያችን «ይኼ እኮ የምጣድ ነገር ነው» አሉን። እውነታቸውን ነው። ለሁለት ሰውም ተጋገረ ለስምንት ሰው፣ ምጣዱ እስኪሰማ እንጨት መንደዱ አይቀርም።

በሒሳብ እንየው። አንድ መኪና መንገድ ለመጥረግ 20 ሊትር ነዳጅ ይፈጃል እንበል። በመንገዱ 40 ቤት ካለ ለአንድ ቤት ግማሽ ሊትር ይደርሳል። 4 ቤት ብቻ ከቀረ ግን ለአንድ ቤት 5 ሊትር ይሆናል። የከተማው ጠቅላላ ጭስ ይቀንስ ይሆናል፤ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ግን ሊጨምር ይችላል።

ምን ይሻላል? ዩባሪ ትምህርት ቤቶቿን አዋሐደች፤ አንድ አንደኛ ደረጃና አንድ መለስተኛ ደረጃ ብቻ ቀረ። ተበታትነው በከተማው ቤቶች የሚኖሩ ሰዎችም ወደ አንድ ሰፈር እንዲሰባሰቡ ማድረግ ጀመረች። ሰው ሲሰባሰብ መንገዱ ያጥራል፤ ቧንቧው ያጥራል፤ አንዱ ቤት ለሌላው ሙቀት ይሆናል።

ነገር ግን ዕድሜውን በሙሉ ከኖረበት ቤትና ከጎረቤቱ ሰውን ማንሣት ቀላል አይደለም። ነዳጅ በሊትር ይለካል፤ የሰው ልብ በምን ይለካል? ስለዚህ እንዲህ ያለው ሥራ ነዋሪው ተመክሮበት፣ ተስማምቶበት፣ ቀስ እየተባለ ሊሠራ ይገባል። ጭስ የሚቀነሰው ሰው እንዲኖር ነውና።

ጥያቄዎች
1. የዩባሪ ሕዝብ ለምን ቀነሰ?
2. በመንገዱ 10 ቤት ቢቀር ለአንድ ቤት ስንት ሊትር ይደርሳል?
3. እርስዎ የዩባሪ ሽማግሌ ቢሆኑ ቤትዎን ይለቁ ነበር? ለምን? ከጓደኞችዎ ጋር ተወያዩበት።