የጦርና የጠመንጃ ጉዳት በሚና ጨዋታ ሕግ፦ የሚችሌን ውጊያ ለማስተማር የቀረበ ስሌት

መግቢያ

እ.ኤ.አ. በ1960 የጌዴኦ ገበሬዎች ባለርስቶች በቡና ምርታቸው ላይ ይጥሉት የነበረውን ጫና በመቃወም ተነሡ። በሚችሌ በተደረገው ውጊያም አብዛኞቹ ጦርና ጎራዴ ይዘው ጠመንጃ የታጠቀ ኃይል ገጠሙ። ይህን ታሪክ በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄድ የሚና ጨዋታ ለማስተማር የሚያስብ አዘጋጅ አስቀድሞ የመሣሪያ ጉዳትን ሕግ መወሰን ይኖርበታል። የጠመንጃው ጉዳት እንዳለ ከተተወ የገበሬውን ሚና የያዘው ተማሪ አንዳች ሳይወስን ይወድቃል፤ ከጦር ጋር እኩል ከተደረገ ደግሞ ጨዋታው የታጣቂውን የበላይነት ይሸሽጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስተኛ አማራጭ መኖሩን በስሌት ማሳየት ነው።

የስሌቱ መነሻ

ለስሌቱ የተመረጠው የደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ የመሣሪያዎች ሁሉ ጉዳት በአንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይወሰን ነበር፤ እንደ መሣሪያው ዓይነት የሚለያይ ጉዳት የመጣው በ1975 ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ነው። በ5ኛው እትም የተወረወረ ጦር በአንድ ባለ 6 ገጽ፣ የአደን ጠመንጃ በሁለት ባለ 10 ገጽ ዳይሶች ይጎዳል፤ ተራ ሰው 4 የሕይወት ነጥብ አለው። በመሆኑም ጦር ያገኘው ሰው የመውደቅ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ጥይት ያገኘው ግን የሚተርፈው የዳይሶቹ ድምር 2 ወይም 3 ሲሆን ብቻ ስለሆነ የመውደቅ ዕድሉ 97 በመቶ ይደርሳል።

የጠመንጃው መደበኛ ርቀት 80 ጫማ፣ የጦሩ 20 ጫማ ሲሆን ሰው በአንድ ዙር 30 ጫማ ይጓዛል። ስለዚህ ባለጦሩ 60 ጫማ አቋርጦ እስኪወረውር ድረስ ሁለት ጊዜ ይተኮስበታል። በገላጣ ቦታ የመመታት ዕድሉ 50 በመቶ እንደሆነ ተወስዷል፤ ጉዳትን የሚያጥፈው ልዩ ምት በስሌቱ አልገባም።

ውጤት

ሕጉ ሳይለወጥ በገላጣ ሜዳ ባለጦሩ ከሁለቱ ተኩሶች የመትረፍ ዕድሉ 27 በመቶ ነው። የጠመንጃው ጉዳት ወደ አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ቢወርድ፣ ማለትም ወደ 1974ቱ ሕግ ቢመለስ፣ ዕድሉ ወደ 52 በመቶ ያድጋል። ጉዳቱ ሳይነካ ባለጦሩ የሦስት አራተኛ ከለላ ቢያገኝ ግን የመመታት ዕድሉ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል፤ የመትረፍ ዕድሉም 57 በመቶ ይሆናል። ከለላው የሚሰጠው ጥቅም የጠመንጃውን ጉዳት በመቀነስ ከሚገኘው ጋር የተቀራረበ ነው ማለት ነው። በተጨማሪም ሦስት ባለጦሮች በአንድነት ወደ አንድ ተኳሽ ቢገሰግሱ ሁለቱ ጥይቶች ከሁለት ሰው በላይ ሊጥሉ ስለማይችሉ ቢያንስ አንዱ መድረሱ አይቀርም፤ ዋጋው ግን የሁለት ሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ከስሌቱ የሚገኘው ትምህርት መሣሪያውን ሳይሆን መልክዓ ምድሩን ማስተካከል እንደሚሻል ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ትልልቅ ዛፎች፣ እንሰትና ቡና ተደራርበው የሚበቅሉበት በመሆኑ የከለላን ሕግ ለመጠቀም ያመቻል። ይህ ግን በውጊያው ዕለት ማን የት እንደቆመ የሚመሰክር አይደለም፤ አዘጋጁ የከለላውን መጠን ከቦታው ጥናትና ከአረጋውያን ቃል ሊወስን ይገባል። በዚህ መንገድ ተማሪው የሚወስነው ነገር ያገኛል፤ ጠመንጃውም ጠመንጃነቱን አያጣም።