ጡንቻና መገጣጠሚያ የእርሻን ሥራ እንዴት እንደሚሠሩ

ስለ መሬት፣ ስለ ዘርና ስለ ዝናም ብዙ ጊዜ ተጽፏል። መሬቱን ስለሚገለብጠው ጉልበት ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይህ ነገር በብርቱ ሊታሰብበት ይገባል፤ በዓባይ፣ በዳቡስና በዲዴሳ ሸለቆዎች የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈው ገንዲ የተባለው በሽታ በሬን ስለሚፈጅ፣ የበርታና የጉሙዝ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ማሽላውን በእጁ ቆፍሮ ሲዘራ ኖሯልና። ዛሬም በሬ በሌለበት ቤት ሞፈሩም ቀንበሩም የሰው ክንድና ወገብ ነው።

በሰው አካል 206 አጥንቶች አሉ፤ የሚያንቀሳቅሷቸውም ጡንቻዎች ከ600 ይበልጣሉ። ጡንቻ ከአንዱ አጥንት ተነሥቶ፣ መገጣጠሚያውን ተሻግሮ፣ በሁለተኛው አጥንት ላይ በጅማት ይያዛል። ከአንጎል ትእዛዝ በነርቭ ሲደርሰው ያጥራል፤ ሲያጥርም አጥንቱን ይስባል። ልብ ሊባል የሚገባው ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት የማይችል መሆኑ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጡንቻ በተቃራኒው ወገን የሚስብ ባልንጀራ ተሰጥቶታል። ገበሬው ዶማውን ሲያነሣ በክንዱ ፊት ያለው ጡንቻ ክርኑን ያጥፋል፣ የኋላው ይለቃል፤ ክርኑን ሲዘረጋ ደግሞ የኋላው ይስባል፣ የፊቱ ይለቃል። ለሥራው እንግዳ የሆነ ሰው ቶሎ የሚደክመው በከፊል ሁለቱን ባንድነት ስለሚያጠነክር ነው።

በመገጣጠሚያው ላይ የአጥንቶቹ ጫፍ በልም አጥንት ተሸፍኗል፤ በመካከሉም የእንቁላል ነጭ የመሰለ ፈሳሽ አለ። ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከዚሁ ፈሳሽ ነው፤ ይኸውም መገጣጠሚያው ሲጫንና ሲለቀቅ ነው።

የገበሬውን ወገብ የሚሰብረው ነገር ግን ርቀት ነው። የክንዱ ጡንቻ የሚያዘው ከክርኑ 4 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው፤ እጁ ግን ከክርኑ 32 ሴንቲሜትር ይርቃል እንበል። እንግዲህ 10 ኪሎ ለማንሣት ጡንቻው 80 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት። በወገብ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። እጀታው አጭር በሆነ ዶማ የሚቆፍር ሰው ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ይላል። ከወገብ በላይ ያለው የገዛ ራሱ ክብደት 35 ኪሎ ቢሆንና 30 ሴንቲሜትር ወደ ፊት ቢርቅ፣ ከአከርካሪው ኋላ 5 ሴንቲሜትር ላይ ያሉት ጡንቻዎች 210 ኪሎ ይስባሉ። ይህ ገና ዶማውን ሳያነሣ ነው! እጀታውን ማስረዘም ለአንድ እንጨት ዋጋ የሚገኝ ታላቅ ትርፍ ነው።

የጉሙዝ ሴቶች ይህን ሕግ ያለ መምህር ያውቁታል። ሸክማቸውን በትከሻ ላይ ባጋደሙት እንጨት ሁለት ጫፍ አንጠልጥለው ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ወገን ስለሚመዛዘን አከርካሪያቸው ሳይጎብጥ ይቆማል። (ሸክሙ ለሴቶች የተተወበት ምክንያት ግን ሌላ ጥያቄ ነው።)

ጡንቻ ከሚያቃጥለው ምግብ ወደ ሥራ የሚለወጠው ቢበዛ ሩብ ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በቆላው ወረዳ ገበሬን በቀትር ለመንገድ ሥራ የሚጠራ ሹም፣ ይልቁንም በአረም ወራት፣ የሚቀበለው ሥራ ጥቂት፣ የሚያጠፋው ጉልበት ብዙ ነው።

በሬ ላለው ደግሞ የሚከተለው ይታወቅ። የበሬ የፊት እግር ከደረቱ ጋር በመገጣጠሚያ አልተያያዘም፤ በሰው ትከሻና ደረት መካከል ያለው አግዳሚ አጥንት ለበሬ የለውም። የፊት አካሉን ተሸክሞ የሚይዘው ጡንቻ ብቻ ነው። ገንዲ የያዘው በሬ ቀይ የደም ሕዋሱ ስለሚያልቅ ለጡንቻው አየር የሚያደርስለት ያጣል፤ ሥጋው ይከሳል፣ በትልሙ መካከልም ይተኛል። ገበሬው ሰነፈ ብሎ በጅራፍ ቢመታው በሽታውን አያድነውም። ዲሚናዚን የተባለው መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም እጅ፣ በበሬው ክብደት ተመጥኖ ይሰጥ፤ ለመቆጠብ ሲባል ከመጠኑ ቢጎድል ሕዋሳቱ መድኃኒቱን ይለምዱታል። ከታከመም በኋላ ደሙ እስኪተካ ሳምንታት ያስፈልጉታልና፣ የዘር ጊዜ ደረሰ ተብሎ በማግስቱ እንዳይጠመድ የወረዳው ሹም አስቀድሞ ለባለ በሬው ያስታውቀው።