መኖና ስብ፦ ስለማንበላው ሥጋ የተደረገ ጥናት ለእኛ ምን ይነግረናል?

እዚህ ሪያድ የሕክምና ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች ስለ ስብ ስናጠና ደጋግሞ የሚገጥመን ምሳሌ አሳማ ነው። በምንኖርበት አገር የአሳማ ሥጋ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከመካከላችንም እስላሙም ሆነ ክርስቲያኑ በልማዱ አይቀምሰውም። ስለዚህ «ምን አግብቶን?» የሚል ጓደኛ ቢኖር አንፈርድበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሳማ እንደ ሰው ባለ አንድ ጨጓራ ነው፤ አያመሰኳም። በመኖው ያለው የስብ አሲድ ብዙም ሳይለወጥ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ጮማው ይገባል። በተለይ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለውን አሳማም ሆነ ሰው በሰውነቱ ሊሠራው አይችልም፤ በስቡ ውስጥ የተገኘው ሁሉ ከምግብ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ኤሊስና ኢዝቤል የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ አኩሪ አተርና ኦቾሎኒ የበላ አሳማ ስቡ ለስላሳና ዘይታማ ሆኖ ተገኘ። ቅባቱ አነስተኛ የሆነ እህል የበላው ግን ስቡን ከስታርቹ ራሱ ስለሚሠራ ጠጣር ሆነ።

በግና ላም ከዚህ ይለያሉ። በሚያመሰኩ እንስሳት ትልቁ ጨጓራ ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ስቡ ወደ ደም ከመግባቱ በፊት ሃይድሮጂን ጨምረው ያጠጥሩታል። ስለዚህ ላም የኑግ ፋጉሎ ብትበላ ቅቤዋ ትንሽ ይለሰልስ ይሆናል እንጂ፣ ከኑግ ዘይት 70 በመቶ ያህል የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ በቅቤው ውስጥ የሚገኘው ከ2 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። የነጅድ በግ ላት ከኩላሊቱ ሞራ መለስለሱም የመኖ ጉዳይ አይደለም፤ ስቡ በተከማቸበት የሰውነት ክፍል የሚወሰን ነው።

እንግዲህ በየቀኑ ከሩዝ ጋር የምንበላው ዶሮ ከየትኛው ወገን ነው? ከአሳማው። ዶሮም አታመሰኳም፤ ስቧ መኖዋን ይከተላል።

እኛስ? ከዚያው ወገን ነን። በአሜሪካ በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ጥናቶች ሲሰበሰቡ፣ በሰው ስብ ውስጥ ያለው ሊኖሌይክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከነበረበት 9 በመቶ ገደማ በ2008 ወደ 21 በመቶ ደርሷል። ምክንያቱ የአኩሪ አተር ዘይት በገበታው ላይ መብዛቱ ነው።

በመንፉሓ የሚኖሩ ሠራተኞች ወገኖቻችን «ሥጋ ትተናል፤ ታዲያ በደማችን ያለው ስብ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁናል። መልሱን ብዙ ጊዜ የምናገኘው ከመጥበሻው ነው። የፓልም ዘይት ከአትክልት ቢገኝም 44 በመቶ ያህሉ ፓልሚቲክ አሲድ ነው፤ ይህም ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። አገር ቤትም ብዙው ሕዝብ ለዓመታት የበላው ይኸንኑ ዘይት ነው፤ ርካሽ ስለሆነ። ኑግ ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ የሱፍ ወይም የበቆሎ ዘይት ግን እዚህ በየሱቁ ይገኛል። ሩዙና ስኳሩ ሲበዛም ጉበት ራሱ ፓልሚቲክ አሲድ እንደሚሠራ አይዘንጋ።

ስለ ዓሣ ዘይት የቀረበልንን ጥያቄ በሚቀጥለው እትም እንመለስበታለን።