ዞሮ ማረፍ፦ ምድብና ፍጥነት

አብራሪ በመሣሪያ እየተመራ ወደ አንዱ መንደርደሪያ ይወርዳል። ነፋሱ ከኋላው ሆኖ በቀጥታ ማረፍ ካልቻለ፣ መንደርደሪያውን በዓይኑ ካየ በኋላ ዞሮ በሌላው አቅጣጫ ያርፋል። ሰርክሊንግ የሚባለው ይህ ነው። ዝቅ ብሎ፣ ብዙ ጊዜም ደመና ሥር የሚደረግ ስለሆነ ከመሰናክል የሚጠበቅበት ክልል ጠባብ ነው። ይህ ክልል ከየት ተለክቶ መጣ?

ከምድብ እንነሣ። አውሮፕላኑ ለማረፍ በተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት፣ ለማረፍ ተዘጋጅቶ ሳለ ስቶል የሚያደርግበት፣ ማለትም ክንፉ መሸከም የሚያቅተው ፍጥነት በ1.3 ይባዛል። ውጤቱ ከ91 ኖት በታች ከሆነ ምድብ ኤ፣ እስከ 120 ቢ፣ እስከ 140 ሲ፣ እስከ 165 ዲ፣ ከዚያ በላይ ኢ ነው። ዛሬ ነዳጅ አቃጥሎ ቀለለ ተብሎ ምድቡ አይወርድም።

ጀማሪ የሚያምታታው እዚህ ላይ ነው፦ ምድቡን የሚወስነው ፍጥነትና ሲዞሩ የሚፈቀደው ፍጥነት ለየቅል ናቸው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ሥርዓት ሲዞሩ የማይታለፈው ወሰን ለኤ 100፣ ለቢ 135፣ ለሲ 180፣ ለዲ 205፣ ለኢ 240 ኖት ነው። ክልሉም የተለካው አውሮፕላኑ በዚህ ፍጥነት 20 ዲግሪ ያህል ጋደል ብሎ ሲዞር ነው። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር የመዞሪያው ሬዲየስ በ21 በመቶ ይሰፋል። ስለዚህ የምድብ ሲ አብራሪ በ190 ኖት ለመዞር ከተገደደ የዲን ዝቅተኛ ከፍታና እይታ ይጠቀማል። ለሲ ከመሰናክል በላይ የተጠበቀለት 120 ሜትር ያህል ነው፤ ያም ቢሆን ከክልሉ ካልወጣ ነው።

ከፍታም አለ። ቦሌን በመሰለ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ በሚገኝ ማረፊያ፣ የፍጥነት ጠቋሚው ያንኑ 180 ቢያሳይም አየሩ ስስ ስለሆነ እውነተኛው ፍጥነት ይበልጣል። የአሜሪካው የቀድሞ ሰንጠረዥ ይህን ሳይቆጥር ለምድብ ሲ በየትኛውም ከፍታ 1.7 ኖቲካል ማይል የክልል ሬዲየስ ይሰጥ ነበር፤ ባጃጅ በምትታጠፍበት ተሳቢ ይታጠፍ እንደማለት ነው። አዲሱ ከባሕር ወለል አጠገብ 2.7፣ ከ7,001 እስከ 9,000 ጫማ ደግሞ 3.2 አድርጎታል። በአዲሱ የተሠራ ካርታ ጥቁር ካሬ ውስጥ ባለ ነጭ ሲ ፊደል ይታወቃል፤ ምልክቱ ከሌለ ክልሉ የድሮው ጠባብ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2002 የኤር ቻይና ቦይንግ 767 በደቡብ ኮሪያ ጊምሄ ሲዞር ከማረፊያው በስተሰሜን ካለ ተራራ ጋር ተጋጨ፤ ከ166 ሰዎች 129 ሞቱ። የኮሪያ መርማሪዎች እንዳሉት ሠራተኞቹ ለሰፊ አውሮፕላን የተቀመጠውን የአየር ሁኔታ ወሰን አላወቁም፤ ወደ መንደርደሪያው የሚያጥፈውን መዞር አዘገዩ፤ መንደርደሪያው ከዓይናቸው ሲጠፋም ማረፉን አልተዉም። በዚያች ቅጽበት ሕጉ የሚያዘው ወደ መንደርደሪያው አቅጣጫ እየታጠፉ ወዲያው መውጣትን ነው፤ ምክንያቱም ክልሉ የሚጠብቀው በዚያ በኩል ነው።