እስቲ ገመዱን ላላ አድርግለት

ገመዱን ላላ አድርግለት፣ ወንድሜ። አንገቱን ጨምድደህ ከያዝከው ጭንቅላቱ የሚነግረንን አናይም። አለንጋውንም እዚያው ጣለው። በል፣ ከዚህ እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ በዝግታ ምራው፤ እኔ ከኋላ ልይ።

ትናንት ማታ ደውለህ «ይሄ ዳማ ፈረስ ሰነፍ ነው፣ በሜዳ ላይ ይደናቀፋል» ስትለኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰነፍ ፈረስ ይዘገያል እንጂ በሜዳ ላይ አይወድቅም። ደግሞስ ዕድሜው ስንት ነው? የፊት ለፊት የወተት ጥርሶቹን ገና አሁን ነው የጣለው፤ ገና 2 ዓመት ተኩሉ ነው ማለት ነው። ሐሳብህ ጥር 23 በሚከበረው የፈረሰኞች በዓል ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ እንጅባራ ሜዳ ላይ በፈረስ መታየት ለእኛ ለአዊ ልጆች ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ አትነግረኝም። ግን ፈረሱ ቀን አይቆጥርም።

ተመለስ። አቁመው፤ ከጎን ና እይ። ዳሌው ከጫንቃው ከፍ ብሏል፣ አየኸው? ለጋ ፈረስ እኩል አያድግም፤ ኋላው ይቀድማል፣ ፊቱ ይከተላል። በዚያ መሀል ክብደቱ ወደ ፊት ያጋድልበታል፣ ጠጠርም ያደናቅፈዋል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሰውነቱ ሲስተካከል ይተወዋል። እንዲህ ያለው ፈረስ በግራም በቀኝም እኩል ነው፤ ሲደክመው ይብስበታል፣ ሲያርፍ ይሻለዋል፣ ከወር ወርም እየቀነሰ ይሄዳል። የአንተው ግን እየባሰበት ነው ብለኸኛል።

አሁን በደረቁ መሬት ላይ በሶምሶማ አስኪደው። ጭንቅላቱን እይ። አንዱ የፊት እግሩ የሚያመው ፈረስ ያ እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ በደህናው ሲያርፍ ይደፋል። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠውና ደህናውን እግር ሲያሽ ይውላል። ማነከስ ምት አለው፤ እያንዳንዱ እርምጃ የቀደመውን ይመስላል። የዚህኛው ግን ምት የለውም፤ አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ደግሞ ወደ ጎን ይሄዳል።

ያም ሆኖ ኮቴውን ሳናይ አናልፍም። ከፈረስ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ የፊት እግሮቹ ላይ ነው የሚያርፈው። እስቲ አንሳው፣ ጭቃውን ጥረግለት። ምስማር የለም፣ ድንጋይም አልተወተፈበትም። መዳፍህን በየኮቴው ላይ አሳርፍ፤ ከሌሎቹ የሚሞቅ አለ? የለም። ጫፉ ግን ረዝሟል። ኮቴ በወር ወደ 1 ሳንቲሜትር ያድጋል፤ በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ ካልተከረከመ ጤነኛውም ይደናቀፋል። አሁን የኋላዎቹን እይ፤ ጫፋቸው ተፍቆ አልቋል። እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። የቁርጭምጭሚቱም የውስጥ ጎን ተልጧል፤ በራሱ ኮቴ ነው የመታው።

ጠዋት ከበረት ሲወጣ የኋላ እግሩ ተገትሮ ቀርቶ በድንገት ተፈናጥሮ ይለቀቃል? አይደለም? ጥሩ። እንዲያ ቢሆን የጉልበቱ ሎሚ እየተሰካበት ነው እልህ ነበር፤ ያ በለጋ ፈረስ ላይ ይታያል፣ የታፋው ሥጋ ሲጠነክርም አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል።

እንግዲህ የፈራሁትን ልሞክር። አንተ ምራው፣ እኔ ከዳሌው ጎን እየሄድኩ ጭራውን ወደ እኔ እስባለሁ። ልብ በል፣ ከጎን ነው፤ ከኋላው ቆመህ እንዳትሞክረው። ጤነኛ ፈረስ ሲሳብ ይገታል፣ እንዲያውም አንተኑ ይጎትትሃል። አየህ? ወደ እኔ መጣ። በአንድ እጄ፣ ያውም ቀስ ብዬ ነው የሳብኩት። በግራ በኩልም ልድገመው... ይኸው። አሁን ጠበብ አድርገህ አዙረው። የውጭውን የኋላ እግር እይ፤ እንደ ማጭድ ሰፊ ዞሮ ነው የሚያርፈው። የውስጡ ደግሞ እንደ ችካል ተተክሎ በላዩ ይሽከረከርበታል። አቁመው። እግሮቹን አቆላልፎ ቆሟል፣ አላስተካከላቸውም። ወንድሜ፣ ይህ ፈረስ እግሩ የት እንዳለ አያውቅም።

ችግሩ እግሩ ላይ ሳይሆን አንገቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የአንገቱ አከርካሪ ሲያድግ ቅርጹ ከተዛባ ሕብለ ሰረሰሩን ይጫነዋል፤ መጀመሪያ የሚታወቀው ደግሞ በኋላ እግሮቹ ነው። ቶሎ ቶሎ በሚያድጉ ወንዶች ላይ ይበዛል። ለጥር ይድረስልኝ ብለህ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ገብስና ባቄላ አጠገብከው አይደል? ከመጠን ያለፈ እህል አጥንቱን ካቅሙ በላይ ያስሮጠዋል። ወይም ደግሞ እርጥብ ሳር ያጣ ይሆናል፤ ወራቱን ሙሉ ጭድ ብቻ የበላ ለጋ ፈረስ ቫይታሚን ኢ ያንሰውና ነርቩ ይጎዳል፣ እሱም እንዲሁ ያንገዳግዳል። የትኛው እንደሆነ የእንስሳት ሐኪም ይለየው። ቶሎ ከተያዘ ምግቡን ማስተካከልና ማሳረፍ ይረዳዋል። ከቆየ ግን ነርቭ እንደ አጥንት አይጠገንም።

«ነፋስ መቶት ነው» ብሎ በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው እንዳታስጠጋበት። እኔ ልጅ ሳለሁ አንዱን ውርንጭላችንን ዳሌውን ተኮሱት፤ ጠባሳው ሲያመረቅዝ ከረመ እንጂ መንገዳገዱ አልቀረለትም። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ይህን ከሁሉ በላይ ያዝልኝ። በቅርብ ጊዜ ውሻ ነክሶት ያውቃል? ማንኛውም ፈረስ በድንገት መንገዳገድ ከጀመረ፣ መዋጥ ካቃተውና ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ ጉሮሮው ላይ ምን ተሰነቀረ ብለህ እጅህን አፉ ውስጥ እንዳትሰድ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሰው ይገድላል። የዳማው ቀስ በቀስ የመጣ ስለሆነ ያን አልጠረጥርም፣ ቢሆንም ለሐኪሙ ሁሉንም ንገረው።

አሁን ስልክህን ስጠኝ። አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከጎን አድርጌ ልቅረጸው፤ ከዚያ ቁልቁለቱን ስታስወርደው፣ በመጨረሻም ወደ ኋላ ስታስረግጠው። ፈረስ ሐኪም ፊት ሲቆም ደንግጦ ይስተካከላል፣ ቪዲዮው ግን ያሳየዋል። ሰኞ ጠዋት አብረን እንወስደዋለን። እስከዚያ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ይዋል፣ ከጉልበተኞቹ ፈረሶች ለየው፣ እህሉን ቀንስና እርጥብ ሳር አብዛለት።

ኮርቻውን ደግሞ ወደ ቤት አስገባው። የሚንገዳገድ ፈረስ ሲወድቅ ከነጋላቢው ነው የሚወድቀው፤ እኔ ያለኝ ወንድም አንድ አንተ ነህ። የአከርካሪው አጥንት ራሱ ማደጉን የሚጨርሰው ከ5 ዓመቱ በኋላ ነው። ዘንድሮ ጥር 23 የአጎታችንን በቅሎ ጭነህ ትሄዳለህ፤ ዳማው እዚህ ይቀራል።