ስለ ሸራ ጠርዝ አጠቃለልና ስለ መሣሪያው አመራረጥ
ለነገሌ ቦረናና ለደቡብ ቆላ ከተሞች ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋ፣ በሞያሌ፣ በፊልቱና በዶሎ ኦዶ ሸራ የማይገባበት ንግድ ጥቂት ነው። ከጉጂ ደጋ የሚወጣው ቡና፣ ከቆላው የሚለቀመው ሙጫና ዕጣን፣ ከመካከል አገር የሚወርደው እህልና ስኳር በጭነት መኪና ላይ ሳለ ከዝናብና ከአቧራ የሚጠበቀው በሸራ ነው። ባለሱቁ ለጥላ ከበረንዳው ፊት የሚዘረጋው፣ ዕድርተኛውም ለሐዘንና ለሠርግ የሚተክለው ድንኳን የዚሁ ዕቃ ወገን ነው። ይህን የሚያህል አገልግሎት የሚሰጥ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ የሚሸጠውም የሚገዛውም በስፋቱና በክብደቱ ብቻ ተመዝኖ ነው፤ ጠርዙን ገልጦ የሚመረምር ገዢ እምብዛም አይገኝም።

ነገር ግን ሸራ ማርጀት የሚጀምረው ከጠርዙ ነው። በገመድ የሚሳበው፣ በነፋስ የሚርገበገበው፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚፋተገው ጠርዙ ስለሆነ፣ መካከሉ ገና ጤነኛ ሳለ ዳሩ ይተረተራል፤ የገመዱ ቀለበት ይነቀላል፤ ሸራውም መሸፈኑን ይተዋል። የጉዳቱም ዋጋ በሸራው ዋጋ ብቻ የሚቆም አይደለም። ለውጭ ገበያ የሚዘጋጅ ደረቅ ቡና የእርጥበቱ መጠን ከ12 በመቶ ገደማ እንዳያልፍ ይፈለጋል፤ ጠርዙ በተገለጠ ሸራ ሥር ዝናብ የመታው ጆንያ ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል፤ ከዚያም ይሻግታል፤ ሽታውም ወደ ጎረቤቱ ጆንያ ይዛመታል። እንግዲህ የጥቂት ሜትር ጥብጣብና የአንዲት ትንሽ ብረት ጉዳይ የሙሉ ጭነት ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ትምህርት የሚያስረዳው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የጠርዝ መጠቅለያው መሣሪያ ብቻውን የተሟላ ዕቃ አለመሆኑን ነው። ከስፌት መኪናው፣ ከጥብጣቡ፣ ከሸራው ውፍረት፣ ከመርፌውና ከክሩ ጋር ተለክቶ የታዘዘ እንደ ሆነ ሥራ ያፋጥናል፤ ሳይለካ የመጣ እንደ ሆነ ግን ለአስመጪው የመደርደሪያ ሸክም፣ ለሰፊውም መሰናክል ይሆናል።

1ኛ፤ ጠርዝ ስለሚጠበቅባቸው መንገዶች

ሸራ በፋብሪካ ሲሸመን በሁለቱ ጎኖቹ ማጉ እየዞረ ስለሚመለስ የሽመናው ጠርዝ ራሱን ይችላል። በመቀስ የተቆረጠው ወገን ግን ድሩና ማጉ ተላቅቀው ስለሚቀሩ በተነቃነቀ ቁጥር ይተረተራል። ይህንን ለመከላከል ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው መቀምቀም ነው፤ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋል። ይህ ለቀጭን ጨርቅ ይበቃል። በወፍራም ሸራ ላይ ግን ዳሩ 3 ድርብ ሲሆን ማዕዘኑ 9 ድርብ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ቀላል መኪና መርፌውን ይሰብራል፣ ወይም ስፌቱን ይዘላል።

ሁለተኛው በሙቀት ማጣበቅ ነው። ፒቪሲ በሚባለው ፕላስቲክ የተለበጠ ሸራ ድሩና ማጉ በልባሱ ስለሚያዝ ብዙም አይተረተርም፤ ጠርዙም ታጥፎ በሞቃት አየር ይጣበቃል። ሥራው ያማረ ነው፤ ነገር ግን ልዩ መሣሪያና የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል።

ሦስተኛው በጥብጣብ መጠቅለል ነው። ጥብጣቡ ጠርዙን ከላይም ከታችም አቅፎ በአንድ ስፌት ይያዛል። ሸራው ራሱ ስለማይታጠፍ ውፍረቱ የሚጨምረው በጥብጣቡ ልክ ብቻ ነው። ለጥጥ ሸራ፣ ለድንኳን፣ ለፍራሽ ልብስ፣ ለምንጣፍና ለጭነት እንስሳ ጀርባ ምንጣፍ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ይህ መንገድ ነው።

2ኛ፤ ስለ መሣሪያው አሠራርና ዓይነት

የስፌት መኪና በአሜሪካ በ1846 እ.ኤ.አ. ለኤልያስ ሃው፣ በ1851 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአይዛክ ሲንገር የፈጠራ መብት ከተሰጠበት ጊዜ ወዲህ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል። በአገራችንም ከገበያ ሕይወት ጋር ምን ያህል እንደ ተዋሐደ ለመረዳት በሐረር ጀጎል ውስጥ የሚገኘውን «መኪና ግርግር» የተባለውን መንገድ ማስታወስ ይበቃል፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው በዚያ ከሚሠሩት ልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ነውና። ጠርዝ መጠቅለያውም ከዚሁ መኪና ጋር የሚገጠም ተጨማሪ መሣሪያ ነው።

አሠራሩን ለመገንዘብ ባለሱቅ በርበሬ ወይም ስኳር ለመሸጥ ወረቀቱን እንዴት አድርጎ እንደሚጠቀልል ማሰብ ነው። መሣሪያው ከቀጭን ብረት የተሠራ፣ አንደኛው አፉ ሰፊ፣ ሁለተኛው ጠባብ የሆነ ጥቅል ነው። ጥብጣቡ በሰፊው አፍ ተዘርግቶ ይገባል፤ በጠባቡ አፍ ታጥፎ ይወጣል፤ የሸራው ጠርዝ በእጥፋቱ መካከል ይገባል፤ መርፌውም ሦስቱን ባንድነት ይወጋል። ያለዚህ መሣሪያ ሰፊው ጥብጣቡን በጣቱ እያጠፈ ሲሠራ፣ ከላይ ያማረ መስሎ ከታች ያመለጠ ስፌት ይበዛበታል።

ዓይነቱም ብዙ ነው። ለቤት መኪና የሚሠራው ትንሹ መጠቅለያ ለቀጭን ጨርቅ ብቻ ያገለግላል፤ ለሸራ ተብሎ ሊሸጥ አይገባውም። ለወፍራም ዕቃ የሚሆኑት በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ነጠላ አጣፊ ሲሆን፣ በሁለት ወገን የሽመና ጠርዝ ላለው ጥብጣብ ይሆናል። ሁለተኛው ድርብ አጣፊ ነው፤ ይኸውም ከጣቃ ተቆርጦ የተዘጋጀውን የጨርቅ ጥብጣብ የተቆረጠ ጠርዙን ወደ ውስጥ ደብቆ ይጠቀልላል። እንዲሁም አንዳንዱ መሣሪያ በመኪናው ላይ ጸንቶ የሚቆም፣ አንዳንዱ ደግሞ ሥራ ሲጀመርና በማዕዘን ላይ ገለል የሚል ማጠፊያ ክንድ ያለው ነው፤ ለትልልቅ ሸራ ይህ የኋለኛው ይመረጣል።

3ኛ፤ ስለ ጥብጣቡ ልክ

አብዛኛው ኪሣራ የሚመጣው ከጥብጣቡ ልክ ስለሆነ ሒሳቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

ለነጠላ አጣፊ የጥብጣቡ ስፋት በሸራው ላይ እንዲታይ ከሚፈለገው ስፋት 2 እጥፍ ሲሆን፣ በዚያ ላይ የሸራው ውፍረት ይጨመራል። በያንዳንዱ ገጽ 10 ሚሊ ሜትር እንዲታይ ከተፈለገ፣ ሸራውም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው፣ 22 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ ይበቃል ማለት ነው። ለድርብ አጣፊ ግን 4 እጥፍ ይሆናል፤ ለዚያው 10 ሚሊ ሜትር ከ42 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ መቆረጥ አለበት። እንግዲህ የ22 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ ገዝቶ ድርብ አጣፊ መሣሪያ ያመጣ ነጋዴ ሁለቱም ዕቃዎች ደህና ሆነው ሳለ አብረው የማይሠሩ ንብረቶች ባለቤት ይሆናል።

ስለ ርዝመቱም እንደዚሁ። 6 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ የጭነት መኪና ሸራ ዙሪያው 28 ሜትር ነው፤ ለመገጣጠሚያው ግማሽ ሜትር ቢጨመር 28 ተኩል ይሆናል። ስለዚህ የ100 ሜትር ጥቅል 3 ሸራ ጠቅልሎ 14 ሜትር ተኩል ያስተርፋል። ይህንን የሚያውቅ ባለሱቅ ለደንበኛው ትክክለኛውን ሜትር ይቆርጥለታል፤ ትራፊውንም ለትንንሽ ሥራ ለይቶ ይሸጣል።

4ኛ፤ ስለ መኪናው፣ ስለ መርፌውና ስለ ክሩ

በቆላው ከተሞች በረንዳ ላይ የሚታየው በእግር የሚረገጠው የሲንጀር ወይም የቢራቢሮ ዓይነት መኪና ነው። ይህ ቀላል ሸራ ሊሰፋ ይችላል፤ ነገር ግን ጨርቁን የሚጐትተው ከታች ባሉት ጥርሶች ብቻ ስለሆነ፣ በወፍራም ዕቃ ላይ የታችኛው ድርብ ሲሄድ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ለዘወትር የሸራ ሥራ የሚመረጠው ከታች ጥርሱ፣ ከላይ እግሩ፣ በመካከልም መርፌው ባንድነት የሚጐትቱት መኪና ነው፤ የጃፓኑ ጁኪ ኩባንያ ዲኤንዩ 1541 የሚለው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የጠርዝ መጠቅለያውም ለያንዳንዱ መኪና የተለየ እግር፣ አንዳንድ ጊዜም የተለየ የመርፌ ሳህንና ጥርስ ይፈልጋል።

ሸራ ብዙ ጊዜ በስኩዌር ያርድ በአውንስ ይመዘናል፤ 10 አውንስ የሚባለው በስኩዌር ሜትር 340 ግራም፣ 18 አውንስ የሚባለው ደግሞ 610 ግራም ገደማ ነው። ለቀላሉ 18 ቁጥር መርፌ ከቴክስ 70 ክር ጋር ይስማማል፤ ለከባዱና ለተደራራቢው 22 ቁጥር ከቴክስ 135 ክር ጋር ይሆናል። ቴክስ ማለት የ1,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው። የቤት መኪና መርፌ ራሱ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ ሲሆን የፋብሪካ መኪና መርፌ ብዙውን ጊዜ ድቡልቡል ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ከላይ የተጠቀሰው የጁኪ መኪና የሚፈልገው «135 በ17» የተባለውን ነው።

ክር ሲመረጥ የአገሩ ፀሐይ አይዘንጋ። ናይሎን ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ቶሎ ይጐዳዋል። ፖሊስተር በፀሐይ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የጥጥ ክር ውኃ ሲነካው አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ስለሚደፍን ለድንኳን መልካም ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ግን ይበሰብሳል። በመሆኑም ለቆላ ሸራ ፖሊስተር፣ ወይም ውስጡ ፖሊስተር ሆኖ ላዩ ጥጥ የለበሰ ክር ይሻላል።

የስፌቱም እርምጃ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል። እጅግ የጠበበ ስፌት ጥንካሬ የሚጨምር ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ሸራውን እንደ ቴምብር ጠርዝ በመስመሩ እንዲቀደድ ያደርጉታል።

5ኛ፤ ሰፊውን ስለሚያስቸግሩት ሁለት ቦታዎች

አንደኛው ማዕዘን ነው። የመሣሪያው አፍ በቀጥተኛ ማዕዘን ላይ አይዞርም። ስለዚህ ማዕዘኑ ከመሰፋቱ በፊት የምግብ ሳህን ተደፍቶበት በክብ ይቆረጣል፤ ጥብጣቡም ሳይቋረጥ ይዞራል። ዙሩ እጅግ የጠበበ እንደ ሆነ ቀጥ ብሎ የተሸመነው ጥብጣብ ስለሚጨማደድ፣ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሁለት ስፋት ሸራ የተጋጠመበት ቦታ ነው። በዚያ ላይ 4 ድርብ ሊገኝ ይችላል፤ ለ2 ድርብ የተለካውም አፍ ሸራውን ይዞ ይቆማል። ጠቢብ ሰፊ መገጣጠሚያውን አስቀድሞ በመዶሻ ያሳሳዋል፤ እዚያም ሲደርስ መኪናውን በእጁ እያዞረ ቀስ ብሎ ያሳልፈዋል። የመሣሪያው አፍ በአቧራና በጨርቅ ብናኝ ስለሚደፈን በየቀኑ መጥረግ ግዴታ ነው።

6ኛ፤ ለአስመጪው፣ ለባለሱቁና ለላኪው

አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ «ጠርዝ መጠቅለያ» ብሎ ብቻ መጻፍ አይበቃውም። የመኪናውን ስምና ቁጥር፣ ነጠላ ወይም ድርብ አጣፊ መሆኑን፣ የጥብጣቡን ስፋት፣ የሸራውን ውፍረትና በመገጣጠሚያው ላይ የሚገኘውን ድርብ ብዛት መግለጽ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው የጥብጣቡንና የሸራውን ቁራጭ ለፋብሪካው መላክ ነው፤ መሣሪያውን የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ይህንን ይጠይቃሉ።

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ምደባ የስፌት መኪና በ84.52 ይመደባል፤ መርፌው 8452.30፣ ክፍሎቹና ተጨማሪ መሣሪያዎቹ 8452.90 ናቸው። የተሸመነ ጥብጣብና ጠርዙ የታጠፈ የሰያፍ ጥብጣብ፣ ስፋቱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ እንደ ሆነ፣ በ58.06 ይገባል፤ ተሰፍቶ ያለቀ ሸራና ድንኳን ግን በ63.06 ነው። በአንድ ሣጥን የመጡ ዕቃዎች በአንድ ስም ተጠቅልለው ቢጻፉ ክርክር ስለሚያስነሱ በደረሰኙ ላይ ለየብቻ ይዘርዘሩ።

ጊዜውም ይታሰብበት። በቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው «ሀገያ» የተባለው ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ዕቃው በባሕር ጅቡቲ ደርሶ፣ በጉምሩክ አልፎ፣ ከአዲስ አበባም በሻሸመኔና በክብረ መንግሥት በኩል 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነገሌ እስኪገባ ድረስ ወራት ያልፋሉ። ደመና ሲታይ የሚያዝ ነጋዴ ዕቃው የሚደርስለት ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ።

ባለሱቁ መሣሪያውን፣ እግሩን፣ ልኩ የሆነውን ጥብጣብ፣ መርፌውንና ክሩን ባንድነት አዘጋጅቶ ቢሸጥ ለሰፊው ድካም ይቀንስለታል፤ ጥብጣብ፣ መርፌና ክር የሚያልቁ ዕቃዎች ስለሆኑ ሰፊው ተመላልሶ ወደዚያው ሱቅ ይመጣል። ላኪውም ጭነት ከመነሣቱ በፊት ሸራውን አዘርግቶ አራቱን ማዕዘንና የገመዱን ቀለበቶች ይመርምር። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት 4 በ5 ሜትር የሆነውን የመጠለያ ሸራ ሲገዛ ገመድ የሚታሰርበት ወገን እንዲጠናከር በጽሑፍ ወስኖ ነው፤ በዶሎ ኦዶ አካባቢ ለሚኖሩት ስደተኞች የሚታደለውም ይኸው ነው። በብዛት የሚገዛ ድርጅት ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ በአንድ ሸራ ሥር የዓመት ድካሙን የሚጭን ነጋዴ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ አይገባውም።