የደብረ ብርሃን የዝናብ ውኃ መውረጃዎችና የበረሳ ወንዝ

ደብረ ብርሃን ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የበረሳ ወንዝ ጎረቤት ናት። ወንዙ በከተማዋ ሥር አልፎ ውኃውን በጀማ በኩል ለዓባይ ያደርሳል። በዳርቻው የሚኖረው ሕዝብ ከብቱን ያጠጣበታል፣ ልብሱን ያጥብበታል፣ በበጋም አትክልቱን ያለማበታል። ስለዚህ በመንገዶች ግራና ቀኝ የሚወርደው ጎርፍ ምን ይዞ ወደ ወንዙ እንደሚገባ መጠየቅ ለመንገድ መሐንዲሶች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

አስቀድሞ አንድ መደናገርን ማስወገድ ይገባል። የፍሳሽ መስመርና የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ አንድ አይደሉም። በደንብ የተሠራ የፍሳሽ መስመር መድረሻው ማጣሪያ ጣቢያ ነው፤ የዝናብ ቦይ ግን የተቀበለውን ሁሉ እንዳለ ወንዝ ላይ ይደፋል። ከጋራዥ የፈሰሰ የተቃጠለ ዘይት፣ የላቫጆ እጣቢ፣ ፌስታል፣ ጨለማን ተገን አድርጎ ከመጸዳጃ ጉድጓድ የተለቀቀ ፍሳሽ፣ ቦይ ውስጥ ከገባ ሁሉም መንገዱ አንድ ነው። አተላን እንኳ ከብት ይጠጣዋል፤ የተቃጠለ ዘይት ግን በውኃ ውስጥ ለሚኖር ፍጥረት ሁሉ መርዝ ነው።

የጎርፉን መጠን በቀላል ስሌት እንመልከት። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ዶፍ በ1 ሄክታር የሣር መሬት ላይ ቢዘንብና ከውኃው 30 በመቶው ቢፈስ፣ ጎርፉ በሴኮንድ 50 ሊትር ያህል ነው። ያው መሬት በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአስፋልትና በሲሚንቶ ሲሸፈን እስከ 90 በመቶው ይፈሳል፤ ይህም በሴኮንድ 150 ሊትር ነው። ዝናቡ ሳይለወጥ ጎርፉ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ከተማዋ በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት በሰፋች ቁጥር ለትናንቱ መጠን የተቆፈረው ቦይ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ የአፈሩ ጠባይ አለ። በአካባቢው በሰፊው የሚገኘው መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ የመጀመሪያውን ዝናብ ይጠጣል፤ ሲጠግብ ግን አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውኃ አላሰርግም ይላል። ሌላ ቦታ የሠመረ የማስረጊያ ጉድጓድ እዚህ በሐምሌ ሞልቶ ሊገነፍል ይችላል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለመረሬ የሚስማማው ውኃውን ለጥቂት ሰዓታት ይዞ ቀስ በቀስ የሚለቅ ኩሬና ሣር የለበሰ ሰፊ ቦይ ነው። የእነዋሪ ገበሬዎች መደብና ቦይ በእጃቸው እየሠሩ ማሳቸውን ሲያጠነፍፉ የኖሩት ይህን ጠባይ ስለሚያውቁ ነው፤ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ቢያማክሯቸው ክብራቸው አይቀንስም።

ከሁሉ የሚከፋው ከረጅም በጋ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ጎርፍ ነው። በመንገድ ላይ ለወራት የተጠራቀመውን አቧራ፣ ዘይትና እበት በአንድ ጊዜ ጠርጎ ይወስዳል። የውኃ ናሙና የሚወሰደው በነሐሴ ብቻ ከሆነ፣ ወንዙ በሞላበት ወቅት ብክለቱ ቀጥኖ ስለሚታይ እውነተኛው ጉዳት ይሸፈናል።

ሕጉስ ምን ይላል? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው ከተወሰነው ደረጃ አልፎ አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል። አንቀጽ 5 ደግሞ የከተማ ቆሻሻ እንዲሰበሰብ፣ እንዲጓጓዝና በአግባቡ እንዲወገድ የማድረግን ግዴታ በከተማ አስተዳደሮች ላይ ይጥላል። ችግሩ ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። የፋብሪካ ቱቦ ባለቤቱ ይታወቃል፤ መቆጣጠርም ይቻላል። የመንገድ ቦይ ግን ሺህ ሰው የሚደፋበት ስለሆነ ጥፋተኛው አንድ ሰው አይሆንም።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ልምድ ይጠቅማል። የንጹሕ ውኃ ሕጋቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ሲወጣ ትኩረቱ በፋብሪካና በማጣሪያ ጣቢያ ቱቦዎች ላይ ነበር። በ1987 ሕጉ ተሻሽሎ የከተሞች የዝናብ ቦዮችም በግልጽ እንዲካተቱ ተደረገ፤ ዝርዝር ደንቡም በ1990 ለትላልቆቹ፣ በ1999 ለትናንሾቹ ከተሞች ወጣ። ከተማው ራሱ ለቦዩ ፈቃድ ያወጣል፤ በፈቃዱም ነዋሪውን እንዲያስተምር፣ በስውር የተቀጠሉ የፍሳሽ ቱቦዎችን ፈልጎ እንዲያስወግድ፣ ከግንባታ ቦታ የሚታጠበውን አፈር እንዲያስቆም ይገደዳል። ቁጥጥሩ ቦዩ ወንዝ ከሚገባበት ቦታ ተነሥቶ ቆሻሻው ወደ ቦዩ እስከሚገባበት ድረስ ወደ ላይ ይወጣል።

የአጥቢያ ልማት ኮሚቴዎችም ድርሻ አላቸው። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍና ሣር ጎርፍን ያበርዳል፤ ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ ከመልበስ በፊት ይህን ማሰብ ያሻል። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያም ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 2,000 ሊትር ይሰጣል፤ በታንከር ቢጠራቀም ለችግኝ ይሆናል።

ስውር ፍሳሽን ለማግኘት መሣሪያ አያስፈልግም። ሳምንት ሙሉ ዝናብ ሳይጥል በቆየበት የጥር ቀን ቦዩን ተከትሎ መሄድ ይበቃል፤ በዚያን ቀን ከቱቦ የሚወርድ ውኃ የዝናብ ውኃ አይደለም። ቦታውና ቀኑ ተመዝግቦ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። በአዋጁ አንቀጽ 11 መሠረት አቤቱታ ለማቅረብ የግል ጥቅም መነካቱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።